ወደ ጭቃው የሚወስደው መንገድ

ላ ቦካና፣ ፌብሯሪ 9 ቀን 1999

ለወንድሜ ልጅ ለሊሳንድሮ፣

ይህች ደብዳቤ በጤና ታግኝህ። የካርመን እመቤት ማርያም በባሕር ማዶ በሄድክበት አገር ከብርድም ከክፉ አሠሪም ትጠብቅህ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ከእኔ ቀድሞ አርጅቷል።

ስልክ የማልደውልልህ ሰስቼ አይደለም። የመንደራችን አንዲት ስልክ ያለችው ሱቁ ውስጥ ነው። ባለሱቁ ደግሞ አሁን ሩዝና ዘይቱን የሚሸጠው ለዶን ኤራስሞ ሠራተኞች ስለሆነ ጆሮውም የእነሱ ሆኗል። ስለዚህ እጽፍልሃለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከእኛ መሬት ተነስቶ ሥሩ ጨው ውሃ ውስጥ ወደቆመው የማንግሮቭ ዛፍ ጫካ የሚወርደውን መንገድ ታውቀዋለህ፤ በቅርጫት ተሸክሜ የወሰድኩህ በዚያ ነው። መካከል ያለውን ሜዳ ዶን ኤራስሞ ገዝቶ የሽሪምፕ ማርቢያ ኩሬ ቆፈረበት። ቆፍር፣ ማን ከለከለህ አልን። ከገና በኋላ ግን ከጭቃው ሥጋው የሚበላውን ዛጎል ለመልቀም ስንወርድ መንገዱ ላይ የብረት በር ተገትሮ ጠበቀን። በሩ ላይ ጠመንጃ የያዘ ዘበኛ ቆሟል። ማን መሰለህ? ፋውስቶ! አፍንጫውን እየጠረግንለት ያሳደግነው ፋውስቶ።

«ክፈት» አልኩት።

«አልችልም አክስት ሶይላ። የግል ይዞታ ነው።»

«የማን?»

«የዶን ኤራስሞ ነዋ።»

«ባሕሩም የእሱ ነው?»

ጫማውን አየ። ጫማው አዲስ ነበር።

አሁን የምንሄደው በታንኳ ዞረን ነው። ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ውሃው ሸሽቶ ጭቃው የሚገለጥበትን ጊዜ አንተም ታውቀዋለህ፤ ደርሰን እጃችንን ከሥሮቹ መሃል ስንከት ውሃው ተመልሶ ይመጣል። ሠላሳ አራት ሴቶች የምንኖረው በዚያ ጭቃ ነው።

ስለዚህ ከሰስኩት። አትሳቅ። ወረዳው ከተማ ሄጄ ኔሊ ቪቴሪ የምትባል ጠበቃ አገኘሁ። ገና ልጅ ናት፤ የጫማዋ ሶል ተበልቷል፤ ምላሷ ግን ምላጭ ነው። «ሌሎቹ የመሬት ወረቀት የላቸውም። መንገዱ የሚነሳው ከእርስዎ መሬት ስለሆነ መክሰስ የሚችሉት እርስዎ ብቻ ነዎት» አለችኝ። ነገር ግን መሬቱ የእኔና፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የአባትህ ነው። የግማሹ ወራሽ አንተ ነህ። ስለዚህ ቆንስላ ሄደህ ውክልና ላክልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።

አክስትህ ሶይላ ኪንዮኔስ


ሙርሲያ፣ ኤፕሪል 27 ቀን 1999

ለተከበሩ አክስቴ ለወይዘሮ ሶይላ፣

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? እኔ ለእግዚአብሔር ምስጋና ይግባውና በጣም ደህና ነኝ። ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ስለዘገየሁ ይቅርታ ይደረግልኝ። የቲማቲሙ ወቅት ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ከፕላስቲክ ዳስ ውስጥ አንወጣም። ውስጡ ከእኛ አገር ፀሐይ ይብሳል።

ስለ ክሱ ያሉኝን አነበብኩ። አክስቴ፣ እንደ ልጅዎ ልንገርዎት፤ ከእንደነዚህ ዓይነት ሰዎች ጋር ፍርድ ቤት መቆም የሚያዋጣ አይመስለኝም። እነሱ ጊዜ አላቸው፣ ጠበቃ አላቸው። እርስዎ ደግሞ የማረፊያ ጊዜዎ ላይ ነዎት። ለጉልበትዎ የሚሆን ቅባትና ወፍራም ካልሲ ልኬያለሁ።

ለመሆኑ እነሱ ፍርድ ቤት ያቀረቡት ወረቀት አለ? ካለ ምን ይላል? የማን ፊርማ ነው ያለበት? እንዲሁ ለማወቅ ያህል ነው።

ስለ ውክልናው አስባለሁ። ለጓደኛዎ ለእማማ ዳሚያና እጇን ይሳሙልኝ።

ሁልጊዜ የሚያስብልዎት ሊሳንድሮ


ላ ቦካና፣ ጁን 30 ቀን 1999

ለሊሳንድሮ፣

ሰላምና ጤና ካንተ ጋር ይሁን፤ ከመዘግየት በሽታም ይፈውስህ። ካልሲው ደርሶኛል። በዚህ ሙቀት ካልሲ? ዳሚያና ሻይ ማጥለያ አድርጋዋለች።

ምን ወረቀት እንዳላቸው ጠይቀኸኛል። እስካሁን ያቀረቡት ነገር የለም፤ ፍርድ ቤቱ ራሱ መች ቀረበ? ልንገርህ። ለመጀመሪያው ቀጠሮ ሄድን፤ «ተከሳሹ መጥሪያ አልደረሰውም» ተባለ። መጥሪያውን ያደርስ የነበረው ሰውዬ የዶን ኤራስሞን ቤት አጣሁት ብሎ ፈርሟል! ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ነው፤ ከባሕር ላይ እንኳ ይታያል። በሁለተኛው ቀጠሮ ዳኛው ተዛውረው ነበር። በሦስተኛው አዲስ ዳኛ መጡ፤ መዝገቡ ግን ጠፋ። የመዝገብ ቤቷን ሴትዮ «የት ሄደ?» ስላት «አንድ ቦታ አለ እማማ» አለችኝ። እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩና «እንግዲያው አንድ ቦታ እኔም እጠብቃለሁ» አልኳት። ቅርጫቴን አጠገቤ አኖርኩት። ያልተሸጠ ዛጎል ነበረበት፤ ሙቀቱም አልማረውም። ከሰዓት በኋላ ሽታው ከፋ፤ መዝገቡም ተገኘ።

ለእያንዳንዱ ቀጠሮ ገና ጎህ ሳይቀድ በጀልባ፣ ከዚያ በአውቶቡስ ነው የምሄደው። አንድ ቀጠሮ አንድ የሥራ ቀን ይበላል። ኔሊ «ድካምዎን ነው የሚጠብቁት፤ የእነሱ ክርክር እሱ ነው» ትላለች። ይጠብቁ።

ባለፈው ሳምንት የዶን ኤራስሞ ጠበቃ ኮሪደሩ ላይ ጠራኝና ቁልፍ አወጣ። አዲስ፣ የሚያብረቀርቅ።

«ለእርስዎ ነው እማማ። በፈለጉ ሰዓት ከፍተው ያልፋሉ። ክሱን ይተዉት።»

«ሠላሳ ሦስቱ ሴቶችስ?»

«እነሱ ክሱ ላይ ስማቸው የለም።»

አልዋሽህም ሊሳንድሮ፣ ቁልፉን በእጄ ያዝኩት። የያዘው ይህ ጉልበቴ ነው ብልህ ይሻላል። የታንኳው ዙረት፣ የአውቶቡሱ ወረፋ፣ ሁሉም ትዝ አለኝ። ከዚያ ደግሞ በሩን ከፍቼ ሳልፍ፣ ዳሚያና ከውጭ ቆማ ስታየኝ ታየኝ። መለስኩለት። «ዛሬ የሰጠኸኝን ነገ ትነጥቀኛለህ። እኔ ቁልፍ አልጠየቅኩም፤ መንገድ ነው የጠየቅኩት» አልኩት።

ውክልናው የት አለ? አዲሱ ዳኛ ወራሹ ሁሉ ካልቀረበ አልሰማም ብለዋል። ጸልዬም ተራግሜም እለምንሃለሁ፤ ላክልኝ።

አክስትህ ሶይላ


ላ ቦካና፣ ሴፕቴምበር 14 ቀን 1999

ሊሳንድሮ፣

እግዚአብሔር ልቦና ይስጥህ። ሁለት ወር ተኩል ጠበቅኩህ።

ባለፈው ሐሙስ የዳሚያና ታንኳ ተገለበጠ። ወንዙ ከባሕር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ነው፤ በእግራችን ብንሄድ ኖሮ የማንደርስበት ቦታ። ጠዋት ወጥታ፣ ያገኘናት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የማንግሮቭ ሥር አቅፋ ነው። ክንዷ ተልጧል። በሕይወት አለች። ግን ውሃ ዳር ስትደርስ ትንቀጠቀጣለች፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ወደ ጭቃው አልወረደችም። ቤቷ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ባዶ ቅርጫት ትጠግናለች።

እናትህ ስትሞት ጡቷን የሰጠችህ እሷ ናት። ይህን የምነግርህ ስለማታውቅ አይደለም።

ሶይላ


ላ ቦካና፣ ኖቬምበር 5 ቀን 1999

ሊሳንድሮ ኪንዮኔስ፣

ዛሬ ሰላምታ የለኝም።

ትናንት የወራሹ ጉዳይ የሚጠየቅበት ችሎት ነበረን። የዶን ኤራስሞ ጠበቃ ከቦርሳው አንድ ወረቀት አወጣ። በኦገስት 1997 የተጻፈ ነው፤ አንተ ከመሄድህ አንድ ወር በፊት። እንዲህ ይላል፦ «እኔ የዚህ መሬት ወራሽ የሆንኩት፣ በዚህ ቦታ ላይ ወደ ባሕር የሚወስድ መንገድ ኖሮ እንደማያውቅ አረጋግጣለሁ፤ ወደፊትም አልጠይቅም።»

ኖሮ አያውቅም!

ዳኛው «ፊርማውን ያውቁታል?» አሉኝ። የመጀመሪያዋን ፊደል እንደ መንጠቆ ታጥፋታለህ። እንደዚያ አድርገህ እንድትጽፍ ያስተማርኩህ እኔ ነኝ፤ የምንበላበት ጠረጴዛ ላይ፣ በከሰል።

«አውቀዋለሁ» አልኩ።

ኔሊ ፊቷ ገርጥቶ ወደ እኔ ዞረች። ሴቶቹ ውጭ ኮሪደሩ ላይ ተደርድረው ይጠብቁን ነበር። «የማን ፊርማ ነው?» ብለው ጠየቁ። ጀልባው ላይ ዓይኗን ጨፍና የመጣችው ዳሚያና ፊቴን አየችና «የልጃችን ነው» አለች።

መዝገቡ ለፌብሯሪ ተቀጥሯል። የምትለው ካለህ በለኝ። ከሌለህ አትጻፍልኝ፤ ካልሲም አትላክ።

ሶይላ ኪንዮኔስ


ሙርሲያ፣ ዲሴምበር 2 ቀን 1999

አክስቴ፣

ሰላም ለማለት ድፍረት የለኝም።

እውነት ነው። የፈረምኩት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ለመሄድ ሁሉን ጨርሼ የአውሮፕላን ቲኬት ነበር የቀረኝ። የዶን ኤራስሞ ሰው ከተማ ውስጥ ጠርቶኝ፣ ዓሣ በኮኮናት ጋበዘኝና ቲኬቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረው። አጠገቡ ወረቀቱ ነበር። «ለመዝገብ ያህል ነው፤ አንተ እንደሆነ አትመለስም፤ ምን ያደርግልሃል?» አለኝ። እኔም ማን ይጠይቃል፣ ሴቶቹ እንደሁ እንደለመዱት ያልፋሉ አልኩ።

የመጀመሪያው ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ወዲያው ያ ወረቀት ታወሰኝ። ውክልናውን ያልላክሁት ለዚህ ነው። ክሱን ይተዉት ያልኩዎትም ለዚህ ነው። ስለ እማማ ዳሚያና የጻፉልኝን ካነበብኩ ወዲህ ምግብ አይወርድልኝም።

ምን እንዳደርግ ይፈልጋሉ?

ሊሳንድሮ


ላ ቦካና፣ ጃንዋሪ 6 ቀን 2000

ሊሳንድሮ፣

እግዚአብሔር ወገብህን ያጽናው፤ ትፈልገዋለህ።

ልቅሶህን አልፈልገውም። እዚህ የጨው ውሃ ሞልቶናል። የምታደርገውን ልንገርህ፤ ኔሊ ቃል በቃል ያስጻፈችኝ ነው። አንደኛ፣ ያ ወረቀት ያንተን ግማሽ እንጂ የእኔን አይነካም። የሚጎዳን «መንገድ ኖሮ አያውቅም» ማለትህ ነው። ስለዚህ ቆንስላው ፊት ቆመህ፣ መንገዱ እንደነበረ በመሐላ ቃልህን ትሰጣለህ። ማን በዚያ ያልፍ እንደነበር፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ምን ያህል ስፋት እንደነበረው። ከዚያ ውክልናውን አያይዘህ ትልካለህ። ሁሉም ማኅተም ይኑርበት፤ እነዚህ ሰዎች ማኅተም ከሌለው ፀሐይ መውጣቷንም አያምኑም።

ወረቀቱን ሳታነብ ፈርመህ ከሆነም እሱን ተናገር፤ ይጠቅመናል ተብሏል።

ኔሊ የፌብሯሪውን ቀጠሮ ለማራዘም ትለምናለች። ለአንድ ጊዜ እንኳ ቀጠሮ ማራዘም ለእኛ ይሥራ።

ሶይላ


ሙርሲያ፣ ማርች 29 ቀን 2000

ለአክስቴ ለሶይላ፣

ጤናና ብርታት ለእርስዎ፣ ለእማማ ዳሚያናና ለሁሉም። ከዚህ ጋር አሥራ አንድ ገጽ ያገኛሉ። በየገጹ ማኅተም አለበት፤ ሁለቴ ቆጥሬዋለሁ።

የዘገየሁት ሸሽቼ አይደለም። ይህን ይመኑኝ። ቆንስላው ያለው ሌላ ከተማ ነው። እኔ እዚህ የመኖሪያ ወረቀት የለኝም፤ አውቶቡስ ላይ ፖሊስ ከወጣ ጉዞዬ ወደ ሌላ ነው። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ፓስፖርት አምጣ ተባልኩ። ፓስፖርቴ አሠሪዬ ዘንድ ነበር፤ ስንቀጠር ሁላችንንም ተቀብሎ መሳቢያ ውስጥ ቆልፎበታል። ሁለት ዓመት ስጠኝ ለማለት ፈርቼ ኖሬያለሁ።

ሄድኩና «ፓስፖርቴን» አልኩት።

«ለምን?»

«የእኔ ስለሆነ።»

«ከወሰድክ ነገ አትምጣ።»

«እሺ፣ አልመጣም» አልኩት። ድምፄን ራሴው አላወቅሁትም። ትንሽ አየኝና መሳቢያውን ከፈተ። አሁን ሌላ ቦታ ሎሚ እለቅማለሁ።

ቆንስላው ውስጥ ቃሌን የተቀበለው ሰውዬ «ሳታነብ ነው የፈረምከው ብዬ ልጻፍ?» ብሎ ብዕሩን አቆመ። እርስዎም ጽፈውልኝ ነበር። አክስቴ፣ አንብቤዋለሁ። ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት። አንዴ ዋሽቼ እዚህ አድርሶኛል፤ በመሐላ ደግሜ ልዋሽ አልቻልኩም። «አንብቤዋለሁ፤ ሐሰት መሆኑን እያወቅሁ ለአንድ ቲኬት ብዬ ፈርሜዋለሁ ብለህ ጻፍ» አልኩት።

«ይህ ራስህን ያስከስስሃል እኮ» አለኝ።

«ጻፈው።»

ከዚያ መንገዱን ነገርኩት። አያቴ በዚያ ትወርድ እንደነበር፣ ሁለት ሴቶች ቅርጫት ተሸክመው ጎን ለጎን እንደሚያልፉበት፣ ዝናብ ሲዘንብ የት ላይ እንደሚያንሸራትት። ሁሉን ጻፈው። የኪስ መሐረቤን አውጥቼ ፊቴን ጠረግሁ፤ እሱም ቸኩሎ ማኅተሙን መታ።

ይቅርታ ያድርጉልኝ አልልም። እንዲያሸንፉ ብቻ እፈልጋለሁ።

ሊሳንድሮ


ላ ቦካና፣ ኖቬምበር 20 ቀን 2000

ለወንድሜ ልጅ ለሊሳንድሮ፣

ጤና ይስጥልኝ፤ የካርመን እመቤት የሎሚውን እሾህ ከእጅህ ታርቅልህ። ዳሚያና ሰላም ብላሃለች። አሁን ስጽፍ አጠገቤ ሆና ትሳደባለች፤ ቀስ ብለሽ ጻፊ፣ ሁሉንም ንገሪው እያለች።

አሥራ አንዱ ገጽ የደረሰን ሜይ ላይ ነው። ኔሊ ችሎቱ ላይ ጮክ ብላ አነበበችው። «ለአንድ ቲኬት ብዬ» የሚለው ላይ ስትደርስ የዶን ኤራስሞ ጠበቃ ተነስቶ «ይህ ሰው ሐሰተኛነቱን ራሱ አምኗል፤ እንዴት ይታመናል?» አለ። ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው «እርስዎስ እስከ ዛሬ በእሱ ፊርማ ሲከራከሩ አልነበር?» አሉት። ኮሪደሩ ድረስ ሳቅ ተሰማ።

ከዚያ ደግሞ አራት ወር። አንዴ የሠራተኞች አድማ፣ አንዴ የጎርፍ ነገር፣ አንዴ ፍርድ ቤቱ መሬቱን እንዲለካ ያዘዘው ልዩ አዋቂ መኪና ተበላሸበት። በመጨረሻ ዳኛው ቦታውን ራሴ አያለሁ ብለው መጡ። የዶን ኤራስሞ ሰዎች በመኪና ተቀብለው በኩሬዎቹ ዙሪያ ባለው በእነሱ መንገድ ሊወስዷቸው ነበር፤ «ይኸው ሌላ መንገድ አለ» ሊሉ። እኔ መኪናው ፊት ቆምኩ።

«ክቡር ዳኛ፣ እኔ በዚህ ጉልበቴ የምሄደውን እርስዎ ቢሄዱት ምን አለበት?» አልኳቸው።

ወረዱ። ጫማቸውን ከነካልሲያቸው አወለቁ። ሁላችንም ከኋላ ተከተልን፤ ዳሚያና ብቻ በሩ ጋ ቀረች። የበሩ ብረት ከተተከለበት አልፎ መንገዱ አሁንም ይታያል፤ በሣር መካከል የደነደነው መሬት ላይ ሣር አልበቀለም። ልዩ አዋቂው ሜትሩን ዘረጋ። አንተ የጻፍከው ስፋት ላይ ሲደርስ ዳኛው ወረቀቱን አዩ፣ መሬቱን አዩ።

ፍርዱ ከሦስት ሳምንት በፊት ተነበበ። ሐሴት አታድርግ፤ ሙሉ አይደለም። የመተላለፊያ መብቱ «ለከሳሽ እና በከሳሽ ቤት ለሚኖሩ ሰዎች» ነው ይላል፤ ይግባኝ ቢባልበት እንኳ በሩ እስከዚያ ክፍት ይሁን ተብሏል። የዶን ኤራስሞ ጠበቃ ፈገግ አለ። አንዲት አሮጊት ከድመቷ ጋር ብቻዋን እንደምትኖር ያውቃል። ኔሊ ከንፈሯን እየነከሰች ይግባኝ እንላለን አለችኝ።

«ቆይ» አልኳት። «ቤቴ ማን እንደሚኖር የሚወስነው ማነው?»

«እርስዎ ነዎት። የሚኖሩት ሰዎች ነዋሪነታቸውን ያስመዘግባሉ...» ብላ ጀመረችና አፏን በእጇ ያዘች።

በማግስቱ ሠላሳ ሦስቱም ቤቴ ገቡ። እያንዳንዷ ምንጣፏንና ሳህኗን ይዛ። ግድግዳው ላይ መስቀያ ቦታ ጠፍቶ ቅርጫቶቹ ጣራው ላይ ወጡ። ከዚያ ተሰልፈን ወደ መዝጋቢው ቢሮ ሄድን። ሰውዬው አየን፣ ዝርዝሩን አየ፣ እንደገና አየን።

«በሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ሠላሳ አራት ሰው ይኖራል?»

«ተጠጋግተን ነው የምንተኛው» አለች ዳሚያና።

«ሁላችሁም ዘመዳሞች ናችሁ?»

«ዘመድ መሆናችንን ወረቀቱ ይጠይቃል?» አለች ኔሊ። አልጠየቀም። መዘገበን። እኔም አንድ ስም ጨመርኩ።

ዛሬ ጠዋት ወረድን። ፍርዱና ዝርዝሩ በእጄ ነው። ፋውስቶ ጠመንጃውን አንግቶ ቆሟል። ወረቀቱን ተቀብሎ ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገና ስም መጥራት ጀመረ፤ የተጠራችው ሁሉ «አለሁ» እያለች ታልፋለች። ዳሚያና ተራዋ ሲደርስ ቆመች። ከበሩ ባሻገር የውሃው ድምፅ ይሰማል። እጇን አልያዝኩትም፤ አትወድም። «ዳሚያና አንጉሎ» አለ ፋውስቶ ዳግመኛ፣ ቀስ ብሎ። «ሰምቼሃለሁ፣ ደንቆሮ አይደለሁም!» ብላው አለፈች። ሦስት ደርዘን ዛጎል ለቅማ ተመለሰች፤ ከሁላችን ያነሰ ነው፤ ከሁላችን በላይ ስታወራ ግን ዋለች።

ዶን ኤራስሞ ይግባኝ ብሏል። ይበል። አውቶቡሱ እንደሁ ለምዶኛል።

ይቅር ብዬሃለሁ አላልኩም። ያን ፊት ለፊት ተያይተን እንነጋገርበታለን። ግን ልንገርህ፤ ሴቶቹ ሁሉ ካለፉ በኋላ ፋውስቶ ዝርዝሩ ግርጌ ላይ የቀረውን ስም አየና ግራ ገባው።

«ሊሳንድሮ ኪንዮኔስ» ብሎ ጠራ። «ይህስ የት አለ አክስት ሶይላ?»

«እየመጣ ነው» አልኩት።

አክስትህ ሶይላ